«165» የሚለው ሞኒተሬ ለሦስት ወር በ60 ሲያዘግም

ሞኒተሩ ከሪያድ የመጣው በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ነው። እህቴ ለፈቃድ ስትመጣ መንገዱን ሙሉ ስለ ልብሷ ሻንጣ ሳይሆን ስለ እሱ ስትጨነቅ ነው የደረሰችው። 27 ኢንች ነው። ካርቶኑ ላይ በትልቁ «165 ኸርዝ» ይላል። ካርቶኑን እናቴ ወስዳ የሽንኩርት ማስቀመጫ አድርጋዋለች፤ ቁጥሩ እስካሁን ከሽንኩርቱ ሥር ይታያል።

የምኖረው ደሴ ነው። ቀን ቀን የሰርግ ቪዲዮ ኤዲት አደርጋለሁ። ላፕቶፑንም የገዛሁት ለእሱ ነው፤ ያገለገለ የጌም ላፕቶፕ፣ ኮር አይ7፣ አርቲኤክስ 2060 ግራፊክስ ካርድ ያለው። ማታ ማታ ግን ሙሽሮቹን ዘግቼ ካውንተር ስትራይክ 2 እከፍታለሁ። አዲሱን ሞኒተር ሰክቼ ሦስት ወር ሙሉ ተጫወትኩበት። ሰው ሲመጣም «ይሄ እኮ 165 ነው» እያልኩ እኩራራለሁ።

ከዚያ ታናሽ ወንድሜ መጣ። ኮምቦልቻ ነው የሚማረው፣ ወሎ ዩኒቨርሲቲ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት። ቁጭ ብሎ ማውሱን በአዲሱ ሞኒተር ላይ አሽከረከረና ወደ እኔ ዞረ።

«እታለም፣ ይሄ ነገር ለምን ይንቀጠቀጣል?»

«165 እኮ ነው!»

«ወላሂ 60 ነው።»

60 ነበር። በዚያ ቅዳሜ ከሰዓት የጀመርነው ፍለጋ ሁለት ሳምንት ወሰደብን። እናንተ በአንድ ምሽት እንድትጨርሱት ነው ይህን የምጽፈው።

መጀመሪያ ቁጥሩ ምን ማለት እንደሆነ። ኸርዝ ማለት ስክሪኑ በአንድ ሰከንድ ስንት ጊዜ ምስሉን እንደሚያድስ ነው። በ60 ላይ አዲስ ምስል የሚመጣው በየ16.7 ሚሊ ሰከንዱ ነው። በ144 ላይ በየ6.9፣ በ165 ላይ ደግሞ በየ6.1። እነዚህን ሦስት ቁጥሮች ያዙልኝ፤ ኋላ እመለስባቸዋለሁ። ኤፍፒኤስ የሚባለው ሌላ ነው። እሱ ግራፊክስ ካርዱ በሰከንድ ስንት ምስል ሠርቶ እንደሚያወጣ ነው፤ እያንዳንዱ ምስል ፍሬም ይባላል። ኤፍፒኤስ ምጣዱ ላይ የሚጋገረው እንጀራ ነው፣ ኸርዝ ሞሰቡ ላይ የሚቀርበው። በደቂቃ አሥር ብትጋግሩም አቅራቢው አራት ብቻ ካመላለሰ የሚበላው አራት ነው።

ሌላው ነገር የሐረጎ ዳገት ነው። ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የወጣ ሰው ያውቀዋል። 25 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ነው፤ ግን ጠመዝማዛው ላይ ከፊታችሁ የተጫነ ተሳቢ ካለ የምትነዱት መኪና ምንም ይሁን ምን በተሳቢው ፍጥነት ነው የምትወጡት። ከግራፊክስ ካርዱ እስከ ሞኒተሩ ያለው መንገድም እንደዚያው ነው። ሴቲንጉ፣ ፖርቱ (ኬብሉ የሚሰካበት ቀዳዳ)፣ ኬብሉ፣ ሞኒተሩ፣ ጌሙ ራሱ። አንዱ ተሳቢ ከሆነ ሌላው ሁሉ ከኋላ ተሰልፎ ይጠብቃል። የእኔ ችግር ተሳቢው አንድ አለመሆኑ ነበር። አንዱን ሳልፍ ሌላው ቆሞ ይጠብቀኛል።

ነጻውን መጀመሪያ

ምንም ከመግዛታችሁ በፊት ሴቲንግ ውስጥ ግቡ። ዊንዶውስ 11 ከሆነ «ሲስተም»፣ ከዚያ «ዲስፕሌይ»፣ ከዚያ ወደ ታች ወርዳችሁ «አድቫንስድ ዲስፕሌይ»። እዚያ ከላይ ስክሪን መምረጫ አለ። የውጩን ሞኒተር መምረጥ አትርሱ! ብዙ ሰው የላፕቶፑን ስክሪን 144 ብሎ አይቶ ደስ ብሎት ይዘጋዋል። ከሥሩ «ሪፍሬሽ ሬት» የሚለውን ስትከፍቱ የቁጥር ዝርዝር ይመጣል። ዊንዶውስ አዲስ ሞኒተር ሲሰካለት ብዙ ጊዜ በራሱ 60 ላይ ያስቀምጠዋል። ያንን መቀየር ብቻ ለብዙ ሰው መፍትሔ ነው።

እኔ ግን ዝርዝሩን ስከፍት ከ60 ሌላ የለም። ለምን? ሁለቱን ስክሪኖች «ዱፕሊኬት» አድርጌ ነበር፤ አንድ ዓይነት ምስል በሁለቱም ላይ። እንደዚያ ሲሆን ሁለቱ በሚስማሙበት ዝቅተኛ ነገር ላይ ነው የሚሄዱት። የዊንዶውስ ቁልፍን ይዛችሁ ፒን ስትጫኑ አራት ምርጫ ይመጣል። ለጌም «ሰከንድ ስክሪን ኦንሊ» የሚለውን ምረጡ። የላፕቶፑ ስክሪን ይጠፋል፤ ግራፊክስ ካርዱም አንድ ስክሪን ብቻ ይሸከማል።

ኤንቪዲያ ካላችሁ ደግሞ አንድ ተንኮል አለ። «ኤንቪዲያ ኮንትሮል ፓነል» ውስጥ «ቼንጅ ሪዞሉሽን» ላይ ሪዞሉሽኖቹ (የምስሉ የነጥብ ብዛት) በሁለት ክፍል ተከፍለው ሊመጡ ይችላሉ። ከላይ እንደ ቴሌቪዥን የሚያያቸው፣ ከታች «ፒሲ» የሚል። ከላይኛው ክፍል ከመረጣችሁ ከፍ ያሉት ቁጥሮች ላይታዩ ይችላሉ። ወደ «ፒሲ» ውረዱ።

የሞኒተሩን የራሱን ሜኑም እዩት፤ ከኋላ ወይም ከሥር ባለችው ቁልፍ የሚከፈተውን። አንዳንዱ ሞኒተር የመጨረሻዋን ቁጥር «ኦቨርክሎክ» ብሎ እዚያ ደብቆ ያስቀምጣታል፤ እዚያ ገብታችሁ ካላበራችኋት አይሰጣችሁም። አንዳንዱ ደግሞ የዲስፕሌይ ፖርቱን (ከኤችዲኤምአይ ሌላ ያለውን የምስል መሰኪያ) ዓይነት ዝቅ አድርጎ ነው ከፋብሪካ የሚመጣው።

ዝም የሚለው ኬብል

ዱፕሊኬቱን ሳነሳ ዝርዝሩ ተከፈተ። 60፣ 120፣ 144። 144ን መረጥኩ። ስክሪኑ ጥቁር ሆነ። እኔም ጠቆርኩ። ዊንዶውስ ደግነቱ 15 ሰከንድ ያህል ጠብቆ «ይቆይ» ካላላችሁት ወደ ነበረበት ይመልሰዋል። ስለዚህ ጥቁር ሲሆን ምንም አትንኩ፣ አትንቀሉ፤ አብሽሩ፣ ይመለሳል።

ኬብሉ ነበር። ከዲሽ ሪሲቨሩ የነቀልኩት አምስት ሜትር ኤችዲኤምአይ ኬብል ነው። እዚህ ላይ ልብ በሉ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነውና። ዊንዶውስ ያንን ዝርዝር የሚያወጣው ሞኒተሩና ግራፊክስ ካርዱ የሚችሉትን አይቶ ነው። ተራ ኤችዲኤምአይ ኬብል ስለ ራሱ ምንም አይናገርም። «እኔ ይሄን አልችልም» አይልም። ቁጥሩ ይታያችኋል፣ ትመርጣላችሁ፣ ከዚያ ስክሪኑ ይጠፋል፣ ወይም ነጫጭ ነጠብጣብ ይረጭበታል፣ ወይም በየጥቂት ደቂቃው ብልጭ ብሎ ይመለሳል። እንደዚያ ያለ ነገር ስታዩ ሞኒተሩ ተበላሸ ብላችሁ ለጥገና አትሩጡ። መጀመሪያ አጭር ኬብል ሞክሩ። ሁለት ሜትር ይበቃል። ረዥም ርካሽ ኬብል ለከፍተኛ ፍጥነት አይሆንም።

ስትገዙ ኬብሉ ላይ የተጻፈውን አንብቡ። «ሃይ ስፒድ» ብቻ የሚለው አሮጌው ደረጃ ነው። «ፕሪሚየም ሃይ ስፒድ» በሰከንድ 18 ጊጋ ቢት ያሳልፋል። «አልትራ ሃይ ስፒድ» 48። በወርቅ የተለበጠ ነው እያለ ዋጋ የሚጨምርባችሁን ነጋዴ ፈገግ ብላችሁ እለፉት።

ፖርቶቹ ስንት ይችላሉ

ኤችዲኤምአይ ሁሉ አንድ ይመስላል፤ ቀዳዳው ያው ነው። ግን ውስጡ ሌላ ነው።

1.4 የሚባለው አሮጌው ስሪት በፉል ኤችዲ 120 ድረስ ይሄዳል፤ በ1440 ሪዞሉሽን (2560 በ1440 ነጥብ) 75 ላይ ይደክመዋል፤ በ4ኬ ጭራሽ 30 ነው። 2.0 በፉል ኤችዲ 240፣ በ1440 ላይ 144፣ በ4ኬ 60 ይሰጣል። 2.1 በትክክል ከተሠራ 4ኬን በ120 ይወስዳል። «በትክክል ከተሠራ» ያልኩት በምክንያት ነው፤ 2.1 የሚል ጽሑፍ ለጥፈው ፍጥነቱ የ2.0 የሆነ ሞኒተሮች ስላሉ ነው። የስሪቱን ቁጥር ትታችሁ መመሪያው ላይ በየፖርቱ የተጻፈውን ከፍተኛ ኸርዝ ፈልጉ። ዲስፕሌይ ፖርት 1.2 በ1440 ላይ 165ን ይችላል። 1.4 ደግሞ 240 ይደርሳል።

የእኔ ሞኒተር 1440 ነው። ላፕቶፔ ኤችዲኤምአይ 2.0 ነው። ስለዚህ አጭር ኬብል ስገዛ 144 ያለ ምንም ችግር ሠራ። 165 ግን በዝርዝሩ ላይም አልነበረም። በዚህ መንገድ ሊኖርም አይችልም።

እዚህ ላይ ብቆም ደህና ነበር። ግን ካርቶኑ ላይ 165 ይላል! ሽንኩርት ባነሳሁ ቁጥር ያየኛል።

ሁለት የከሰርኩባቸው ዕቃዎች

አንድ ሱቅ ገብቼ «ሞኒተሬ ዲስፕሌይ ፖርት አለው፣ ላፕቶፔ ኤችዲኤምአይ ነው» አልኩ። በአንድ በኩል ኤችዲኤምአይ፣ በሌላ በኩል ዲስፕሌይ ፖርት የሆነ ኬብል ሰጡኝ። አይሠራም። ኋላ ነው የገባኝ፤ እነዚያ ኬብሎች አብዛኞቹ የአንድ አቅጣጫ ናቸው። ከኮምፒውተር ዲስፕሌይ ፖርት ወደ ሞኒተር ኤችዲኤምአይ ይሄዳሉ፤ ተገላቢጦሹን አይሄዱም። ለተገላቢጦሹ ውስጡ ቺፕ ያለው፣ የራሱን ኃይል የሚፈልግ አዳፕተር ያስፈልጋል። ኬብሉን ልመልስ ስሄድ «የተከፈተ ዕቃ አንመልስም» ተባልኩ።

ሁለተኛው ከተራው ሰፊ ዩኤስቢ ወደ ኤችዲኤምአይ የሚቀይር አዳፕተር ነው። ለቢሮ ሥራ ምንም አይልም። ለጌም ግን አይሆንም፤ ምስሉን ጨምቆ በዩኤስቢ ነው የሚልከው፣ ብዙዎቹም ከ60 አያልፉም። ርካሽ የታይፕ ሲ አዳፕተሮችም ላይ «4ኬ 30 ኸርዝ» ተጽፎ ካያችሁ መልሳችሁ መደርደሪያው ላይ አስቀምጡት።

ትክክለኛው መንገድ የላፕቶፑ ታይፕ ሲ ነው። ግን ታይፕ ሲ ሁሉ ምስል አያወጣም። አጠገቡ ያለውን ምልክት እዩ። ዲ ፊደል ውስጥ ፒ የተሳለባት ምልክት ካለች ዲስፕሌይ ፖርት ያወጣል። የመብረቅ ቀስት ያለበት ተንደርቦልትም ያወጣል። ምልክት ከሌለው የላፕቶፑን ሞዴል ቁጥር ይዛችሁ ከአምራቹ ድረ ገጽ ላይ አረጋግጡ። የእኔ ላይ ምልክቷ ነበረች። ከታይፕ ሲ ወደ ዲስፕሌይ ፖርት የሚሄድ ኬብል ወንድሜ ከአዲስ አበባ አስመጣልኝ። ሰካሁት። 165! ጮህኩ። እናቴ ምን ሆንሽ ብላ ከጓዳ መጣች።

ከዚያ ጌሙ ቀሰስ አለ

ካውንተር ስትራይክን ስከፍት ኤፍፒኤሱ ወረደ። በኤችዲኤምአይ ከ140 በላይ የነበረው አሁን 110 እና 120 መካከል ይዋልላል። ስክሪኑ 165፣ ጌሙ 115። ወንድሜ በስልክ «ኬብሉን ማን ጋር ነው የሰካሽው?» አለኝ። «ታይፕ ሲ ላይ» አልኩት። «አይደለም፣ ታይፕ ሲው ውስጥ ውስጡን የሚሄደው ወደ ማን ነው?»

የጌም ላፕቶፕ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ግራፊክስ አለው። አንዱ ፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለው ትንሹ፣ ሌላው ትልቁ ኤንቪዲያ ወይም ኤኤምዲ። አምራቹ አንዱን ፖርት ከትልቁ ጋር፣ ሌላውን ከትንሹ ጋር ሊያገናኘው ይችላል። ፖርቱ ከትንሹ ጋር ከተገናኘ ትልቁ ምስሉን ሠርቶ ለትንሹ ያስረክባል፣ ትንሹ ለሞኒተሩ ያቀብላል። በዚህ ቅብብል ፍሬም ይጠፋል፣ መዘግየትም ይጨምራል።

ይህን ማወቅ ቀላል ነው። «ኤንቪዲያ ኮንትሮል ፓነል» ክፈቱ። «ፊዚክስ» (በእንግሊዝኛ PhysX ተብሎ የተጻፈ) የሚል ቃል ያለበት ገጽ አለ፤ በስዕል የትኛው ስክሪን ከየትኛው ግራፊክስ ጋር እንደተገናኘ ያሳያል። የእኔ ኤችዲኤምአይ ከኤንቪዲያው ጋር ነው። ታይፕ ሲው ከኢንቴሉ ጋር። በሌላ ላፕቶፕ ተገላቢጦሽ ሊሆን ይችላል፤ ሁለቱም ፖርቶች ከትልቁ ጋር የተገናኙበትም አለ። አንዳንዶቹ ላይ «መክስ ስዊች» የሚባል አለ፤ ትንሹን ዘልሎ ምስሉ በቀጥታ ከትልቁ እንዲወጣ የሚያደርግ። የአምራቹ ፕሮግራም ወይም ባዮስ (ላፕቶፑ ሲነሳ የሚከፈተው መሠረታዊ ሴቲንግ) ውስጥ ይገኛል። ካላችሁ አብሩት፣ ላፕቶፑን ሪስታርት አድርጉት። የእኔ የለውም።

ስለዚህ ምርጫ መጣ። 165 በትንሹ በኩል፣ ወይስ 144 በትልቁ በኩል? አሁን ያዙልኝ ያልኳችሁን ቁጥሮች አምጡ። ከ60 ወደ 144 ስትሄዱ በእያንዳንዱ ምስል ወደ 10 ሚሊ ሰከንድ ታተርፋላችሁ። ያንን ዓይን ያያል፣ እጅም ያውቀዋል። ከ144 ወደ 165 ግን የምታተርፉት 0.8 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ነው። ለእሷ ብዬ ሰላሳ ፍሬም አልጥልም። ወደ ኤችዲኤምአዩ ተመለስኩ። በ144 ነው ያለሁት። የታይፕ ሲ ኬብሉ ለሥራ ቀን ሆነ፤ ሰርግ ኤዲት ሳደርግ ሁለተኛ ሞኒተር የያዘ ጓደኛ ሲመጣ እሰካዋለሁ።

ፍሬሙን ራሱን ማብዛት

መንገዱ ከጸዳ በኋላ የሚቀረው ሞተሩ ነው። እዚህ ላይ አጠር ላድርገው።

ቻርጀሩን አትንቀሉ። በባትሪ ላይ ግራፊክስ ካርዱ ጉልበቱን ይቀንሳል። ከላፕቶፑ ጋር የመጣውን ትልቁን ቻርጀር ተጠቀሙ፤ የስልክ የሚመስል የታይፕ ሲ ቻርጀር ባትሪውን ቢሞላም ለጌም አይበቃውም። የእኛ ሰፈር መብራት ደግሞ ታውቁታላችሁ፣ ሄድ መለስ ይላል። ሲሄድ ላፕቶፑ በባትሪ ይቀጥላል፣ ሞኒተሩ ግን ድርግም ነው። እኔ ትንሽ ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ ለጥቂት ጊዜ የሚያቆይ ባትሪ) ለሞኒተሩና ለዋይፋዩ ብቻ አድርጌያለሁ። ቢያንስ ጨዋታውን በሥርዓት ለመጨረስ ጊዜ ይሰጠኛል።

ራሙን እዩ። «ታስክ ማናጀር» ከፍታችሁ «ፐርፎርማንስ» ውስጥ «ሜሞሪ» ላይ ስንት ስሎት (የራም መሰኪያ) እንደተያዘ ይጽፋል። ከሁለት አንዱ ብቻ ከተያዘ ሁለተኛ ራም ጨምሩ። ሁለት ራሞች አብረው ሲሠሩ መረጃ የሚያልፍበት መንገድ በእጥፍ ይሰፋል። በተለይ ፕሮሰሰሩን የሚያስጨንቁ እንደ ካውንተር ስትራይክ ያሉ ጌሞች ላይ ይሰማችኋል።

ሙቀት። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የጦሳ ተራራ ብርድ ለላፕቶፕ በነጻ የተሰጠ ማቀዝቀዣ ነው። እርግጥ ከፍታው አየሩን ስለሚያሳሳው ፋኑ የሚገፋው አየር ያንሳል፤ ግን ብርዱ ይክሳል። የወንድሜ ላፕቶፕ ኮምቦልቻ ላይ ከሰዓት በኋላ እንደ ምጣድ ነው የሚግለው። ከኋላው ሁለት የውሃ ጠርሙስ ክዳን ከሥሩ አስቀመጥንለት፤ አየር መሳቢያው ተከፈተለት። ለውጥ አለው።

የእኔ ቤት ችግር ሌላ ነው፤ ቡና። እናቴ ረከቦቱን የምታስቀምጠው ከጠረጴዛዬ አጠገብ ነበር። የከሰል አመድና የእጣን ጭስ ፋኑ ውስጥ ተጋግሮ አገኘሁት። ሦስተኛው ጀበና እስኪጠጣ ድረስ እጣን የማይቋረጥበት ቤት ውስጥ ላፕቶፕ መሬት ላይ አይቀመጥም። በለስላሳ ብሩሽ አጸዳሁት። ስትነፉበት ፋኑ እንዳይሽከረከር በስቴኪኒ ያዙት። ረከቦቱን ግን እኔ አላነሳሁትም፤ ጠረጴዛዬን ነው ያነሳሁት።

ጌሙ ውስጥ ደግሞ ጥቂት ነገር። «ፉል ስክሪን» አድርጉ፣ ኸርዙንም እዚያው እንደገና ምረጡ። «ቪሲንክ» የሚለውን (ፍሬሙን ከስክሪኑ ኸርዝ ጋር እንዲጠባበቅ የሚያደርገውን) አጥፉ። የፍሬም ገደብ 60 ላይ ተቀምጦ እንደሆነ እዩ፤ የእግር ኳስ ጌሞች ላይ ይህ በጣም የተለመደ ነው። ጥላና ነጸብራቅ ዝቅ ይበል፣ የሰውን መልክ የሚያሳየው ይቆይ። ፍሬሙ አሁንም ካነሰ ከ1440 ወደ ፉል ኤችዲ ውረዱ።

መሥራቱን ለማረጋገጥ «ቴስት ዩፎ» የሚባለው ድረ ገጽ አለ። ትንሽ የጠፈር መርከብ በተለያየ ፍጥነት ትሮጣለች፣ ኸርዙንም ይጽፍላችኋል። ወይም እንደ ወንድሜ ማውሱን ክብ ክብ አሽከርክሩት።

ሞኒተር ገና ልትገዙ ከሆነ ላፕቶፑንም ኬብሉንም ይዛችሁ ሂዱ። ሱቁ ውስጥ ሰክታችሁ «አድቫንስድ ዲስፕሌይ»ን ክፈቱ፣ ቁጥሩን በዓይናችሁ እዩት፣ ከዚያ ብሩን አውጡ። ሻጩ ቢሰለችም ይሰልች። እኔ ሁለተኛውን ኬብል የገዛሁት እንደዚያ ነው፤ ባለ ሱቁ ሻይ አዞልኝ ራሱም አብሮኝ ሲያይ ነበር።

ያ አምስት ሜትር ኬብል ወደ ሪሲቨሩ ተመልሷል። ለቴሌቪዥን ምንም አይለውም።